በደብዳቤ ወደ 2008 ስለተመለሰችው የመረጃ ሳጥን

የካቲት 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ብዙነህ
የሀሮ ጨፌ ቀጣና የይዞታ መረጃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከበር ጥበቃ ሠራተኛ የቀረበ ምስጋናና አራት አነስተኛ ቅሬታዎች

ክቡርነትዎ፣

እንደምን ሰነበቱ፤ አካም ጅርቱ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የሚሽከረከረው ወንበርዎና ከወንበሩ ርቆ የማያውቀው ማኅተምዎ ሁሉ በደኅና እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከገፈርሳ ውሃ በላይ የምንኖር የሀሮ ጨፌ ሰዎች፣ በጽሕፈት ቤትዎ ማሽን ላይ ባንገኝም በየቤታችን ስላለን፣ ስለ እኛ ጤና ብዙ እንዳይጨነቁ በትሕትና እለምናለሁ።

አስቀድሜ ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ቦጂያ ኦዳ ይባላል። ላለፉት ሦስት ዓመታት ጠዋት ጠዋት በር የከፈትኩልዎ፣ እርስዎም "አንተ" ብለው የሚጠሩኝ ሰው ነኝ። ስሜን ጠይቀውኝ ስለማያውቁ እዚህ ላይ ጻፍኩት፤ ስለ እጅ ጽሑፌም አድናቆትዎን ቢገልጹ ቅር አይለኝም፤ ምክንያቱም "ቦ"ን እንደ እኔ አሳምሮ የሚያቆማት ሰው በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የለም፤ የእርስዎን ፊርማ ጨምሬ ነው የምናገረው። ይህ በማታው የጎልማሶች ትምህርት ፊደሉንም በላቲን የሚጻፈውን የኦሮምኛ ቁቤም ጨርሼ፣ ከሠላሳ አንድ ተማሪ አንደኛ ወጥቼ የምጽፈው የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ነው። ሁለተኛ የወጣችው ባለቤቴ ጠጅቱ ናት። እሷ "አንደኛ የሆንከው እኔ እቤት ስላስጠናሁህ ነው" ትላለች፤ ውጤቱ ግን በመምህሩ መዝገብ ላይ ስላለ ክርክሩን በዚሁ ዘግቼዋለሁ።

ቀድሞ ደብዳቤዎን ከክፍል ክፍል ሳደርስ ተሸካሚ ብቻ ነበርኩ። አሁን ግን አንባቢ ሆኛለሁ፤ ለዚህም ነው ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን ደብዳቤዎችዎን ከነቁጥራቸው የማውቃቸው። ይህንን የመንግሥት ምስጢር ማውጣት ነው እንዳይሉኝ፣ ሁሉንም የለጠፍኳቸው እኔው ራሴ ነኝ፣ በእርስዎ ትእዛዝ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የካቲት 1 ቀን ባወጡት ማስታወቂያ፣ ይዞታቸው በማሽኑ ላይ ያልተገኘ ሰዎች እስከ መጋቢት 1 ማስረጃ ካላቀረቡ መሬታቸው "ባለቤት ያልተገኘለት" ተብሎ እንደሚመዘገብ አሳውቀውናል። በማሽኑ ላይ ያልተገኙት አራት መቶ ስልሳ ቤተሰቦች ናቸው፤ ማለትም የቀጣናው ሰው በሙሉ። ከተማውን ወደ መሬታችን የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ከተነገረ ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ ያለ ፕላንና ያለ ቀያሽ፣ በአንዲት ሳጥን ብቻ ከመሬታችን የምንነቀልበትን አጭር መንገድ ማግኘትዎ ለሥራ ቅልጥፍናዎ ምስክር ነው። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ጎረቤቴ ኦቦ ጃለታ መስኮቱ ላይ ቀርበው "አባባ፣ ማሽኑ ላይ የሉም" ሲባሉ፣ "ማሽኑም እኔ ቤት የለም፤ እኔ ግን የለህም ብዬ ደጅ አላስጠናሁትም" ብለው ተመልሰዋል። ይህን ያሉት በቁጣ ሳይሆን በደከመ ድምፅ ነበር፤ በማግስቱም ከብቶቹን ትተው በድንበራቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲውሉ አየኋቸው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "ባለቤት እንዳለው እንዲታይ" አሉኝ።

ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዘመን አቆጣጠሩ።

ሳጥኗን ለማያውቃት አንባቢ ልግለጻት። ቁመቷ የአምስት ሊትር ጀሪካን ያህላል፣ ቀለሟ ጥቁር፣ ፊቷ ላይ ትንሽ መስኮትና መብራት አላት። ከሱሉልታ እየተመላለሰች የምትሠራው የኮምፒውተር ባለሙያዋ ወይዘሪት ሄመን እንዳስረዳችኝ ሥራዋ ቀላል ነው፤ ሦስቱ ኮምፒውተሮች ቀን የዋሉበትን ሁሉ ማታ በኬብል እየሳበች ትገለብጣለች። ኮምፒውተር ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ ግልባጩ እሷ ሆድ ውስጥ ይገኛል። ይህን ባክአፕ ይሉታል። ጠዋት ጠዋትም ያደረችበትን ሥራ በአንድ ወረቀት አትማ ታወጣለች፤ ከፕሪንተሩ የማነሳውም ክፍሎቹን የምከፍተው እኔ ነኝ።

ጥቅምት 17 ቀን ክቡርነትዎ ለጉብኝት ገብተው በትንሿ መስኮት ላይ 2015 የሚል አዩ። ሄመን "ጋሼ፣ በፈረንጅ ነው የምትቆጥረው፤ ኮምፒውተሮቹም እንደዚያው ናቸው፤ ለእኛ በኢትዮጵያ የሚያሳየን ላያቸው ላይ የተጫነ ፕሮግራም ነው፤ እሷን ብቻ ከቀየርናት አይግባቡም" ብላ ብታስረዳም፣ እርስዎ "መሥሪያ ቤቱ 2008 ላይ ቆሞ የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ በምን ሥልጣኑ ነው ሰባት ዓመት የሚቀድመው" ብለው ጠየቁ። ጥያቄው እኔንም አሳስቦኝ ነበር፤ ያኔ ፊደሉን ጨርሼ ገና ቁጥር ላይ ነበርኩ። በዚያው ቀን ሳጥኗ "በአስቸኳይ ወደ ሀገራችን ዘመን እንድትመለስ" የሚል ቁጥር ያለው ደብዳቤ ወጣ፤ ሄመንም ደብዳቤ ስለማይገፋ ቀኑን 17፣ ወሩን 2፣ ዓመቱን 2008 አድርጋ ሞላች።

ከዚያች ማታ ጀምሮ ሳጥኗና ኮምፒውተሮቹ ተኳረፉ። ሄመን እንደምትለው በኔትወርክ ላይ ያሉ ማሽኖች ሰዓታቸው በጥቂት ደቂቃ እንኳ ከተራራቀ አይተማመኑም፤ ሰባት ዓመት ሲራራቁማ አንዱ ለሌላው በር አይከፍትም። ይህን ለመረዳት ዲግሪ አላስፈለገኝም። እኔም በር ላይ ቆሜ፣ መታወቂያው ከሰባት ዓመት በኋላ የሚሰጥ ሰው ቢመጣብኝ አላስገባውም።

በዚህም አላበቃም። ሳጥኗ ሁለተኛውን ወር በፈረንጅ ስለቆጠረችውና በዚያ ዓመት ያ ወር ሃያ ዘጠኝ ቀን ብቻ ስላለው፣ እኛ ጥቅምት 30 ላይ ስንደርስ እሷ ቀድማ ወር ለወጠች። እርስዎም "ጥቅምት 30 ቀን በምን ምክንያት እንደተዘለለ በጽሑፍ ይገለጽልኝ" የሚል ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈ ግልጽ ስላልነበረ አንዱን ሰሌዳው ላይ ለጥፌ ግልባጩን ሳጥኗ ላይ አስቀመጥኩት። መልስ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ይህ የእኔ ቸልተኝነት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ችግር ፈቺው ኮሚቴ።

ሳጥኗ በከሸፈባት ቁጥር ቀይ መብራት እያበራች ጢጥ ጢጥ ትላለች። ጸሐፊዎ ወይዘሮ ራቢአ "ጆሮዬን በላችው" ብለው በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል አለበሷት፤ ዳንቴሉ እጅግ ያማረ ነው፣ ቀዩን መብራትም እንደ ጽጌረዳ ያሳየው ነበር። ጢጥታው ግን አላቆመም፤ ስለዚህ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በመጀመሪያ ስብሰባው ሶኬት ቀየረ። በሁለተኛው ስብሰባው አየር እንድታገኝ ጠረጴዛዋን ወደ መስኮት አስጠጋ፤ ዳንቴሉን ማንሳት ግን ወይዘሮ ራቢአን ያስቀይማል ተብሎ ተተወ። በሦስተኛው "አይጥ ኬብል ቆርጣ ሊሆን ይችላል" የሚል ሐሳብ በአብላጫ ድምፅ አለፈና ድመት እንዳፈላልግ ታዘዝኩ። ድመት አመጣሁ። ድመቷም ቢሮውን አንድ ጊዜ ዞራ ስታበቃ፣ ከሁሉ የሚሞቀው ቦታ የት እንደሆነ ከኮሚቴው ቀድማ አውቃ፣ ከዳንቴሉ ላይ ወጥታ ተኛች። እስከ ታኅሣሥም አልወረደችም።

ሄመን በሦስቱም ስብሰባ እጇን እያወጣች "ቀኑን መልሱላት፣ ሳጥኗ ሌላ ምንም አልጠየቀችም" ብላ ነበር። ቃለ ጉባኤው "የባለሙያዋ አስተያየት ከአጀንዳ ውጭ በመሆኑ ታልፏል" ይላል። ቃለ ጉባኤ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ የሳቅኩትን ያህል በሕይወቴ ስቄ አላውቅም፤ ለዚህም ኮሚቴውን አመሰግናለሁ።

ሦስተኛውን ቅሬታዬን አጭር አደርገዋለሁ። ሳጥኗ ጠዋት ጠዋት የምታወጣው ወረቀት መካከል አንድ የፈረንጅ ቃል ጎላ ብሎ ይታተማል። ቁቤ ስለተማርኩ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸውና ትርጉሙን ሄመንን ጠየቅኋት፤ "ከሸፈ ማለት ነው፣ ኦቦ ቦጂያ" አለችኝ። እርስዎ ግን ወረቀቶቹን ሳያነቡ በየጠዋቱ እየቆጠሩ ለእኔ መለሷቸውና በኅዳር ወር ሪፖርትዎ ላይ "የባክአፕ ሪፖርት፣ ዕቅድ 30፣ ክንውን 30፣ አፈጻጸም መቶ በመቶ" ብለው ላኩ። ሠላሳ ጊዜ ከሽፎ መቶ በመቶ ያገኘ ሰው ከእርስዎ በቀር አላውቅም። እኔ በቃል ጽሕፈት ሁለት ቃል ስቼ ሰማንያ ነው የተሰጠኝ።

አራተኛ፣ ስለ መሥሪያ ቤቱ ፒካፕ።

በእነዚያ ሳምንታት አሮጌው የይዞታ መዝገብ በዘመቻ፣ ቅዳሜና እሁድ ሳይባል፣ በቀን አንድ ገጽ ወደ ኮምፒውተር ይጻፍ ነበር። ገጹ አሥር ቤተሰብ ይይዛል፤ ገጾቹ አርባ ስድስት ናቸው። ተጽፎ ያለቀው ገጽ እየተነቀለ "ከወረቀት ነጻ ቢሮ" በሚለው መመሪያዎ መሠረት ለማስወገድ እኔ ጋ፣ የጥበቃ ቤት ውስጥ ባለ ከረጢት ይጠራቀማል። ታኅሣሥ 4 ቀን የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ከረጢቱን ለሀሰኖ ሱቅ መጠቅለያ እንዲሆን ሰጠው። በማግስቱ ታኅሣሥ 5 ሆነ።

ያ ሳምንት ምን ይመስል እንደነበር እዚህ ላለ ሰው አይነገርም። ከሰበታ እስከ ሱሉልታ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ፣ ተማሪው በማስተር ፕላኑ ላይ ለተቃውሞ ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ ልጁ እስኪገባለት ደጅ ቆሞ የሚያመሽበት ሳምንት ነበር። በዚህ አልቀልድም። የምቀልደው በእርስዎ ላይ ብቻ ነው። ወደ ቢሯችን አንድም ሰው ድንጋይ ይዞ አልመጣም፤ ክቡርነትዎ ግን "ሊያቃጥሉን ነው" ብለው ሦስቱን ኮምፒውተሮች ፒካፗ ላይ አስጫኑ፣ በመጋረጃ ገመድ አሳሰሩ፣ እንድይዛቸውም እኔን ከኋላ አስቀመጡኝ። አስፋልቱ ተዘግቷል ብለው በጨፌው ሣር ላይ ነዱ። ጨፌ ውሃ መሆኑን እዚህ አገር ጥጃ እንኳ ያውቃል፤ ነገር ግን ኃላፊ ሲነዳ ጥበቃ አስተያየት አይሰጥም። ወንዙ ዳር ስንደርስ ፒካፗ በአንድ ጎኗ ቀስ ብላ ሰመጠች፤ ኮምፒውተሮቹም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ተንሸራተው ውሃ ገቡ። እኔ ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለኝ።

መንገድ ዘግተው የነበሩት ወጣቶች ይህንን አይተው እየሮጡ መጡ። እርስዎ ከመሪው ጀርባ ሁለት እጅዎን ወደ ላይ አነሱ። እነሱ ግን ጫማቸውን አውልቀው ጭቃው ውስጥ ገቡና ይገፉ ጀመር፤ አንዱም በመስኮቱ ብቅ ብሎ "ጋሼ፣ እጅዎን ያውርዱና ፍሪሲዮን ይርገጡ" አለዎት። መኪናዋን አወጡልን። ኮምፒውተሮቹንም ከውሃው አውጥተው ሣሩ ላይ፣ እንደ በርበሬ፣ ፀሐይ ላይ አሰጡልን። አመስግነናቸዋል ወይ ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። እኔ "ገለቶማ" ብያለሁ። እርስዎ ያሉት "አትጨነቁ፣ ባክአፕ አለን" ነው።

ቢሮ ተመልሰን ድመቷን አነሳን፣ ዳንቴሉን አነሳን፣ ሳጥኗም ተከፈተች። በውስጧ የተገኘው ከጥቅምት 17 በፊት የተገለበጠ ብቻ ነው፤ እሱም የሠራተኞች የሻይ ተራ ዝርዝርና አንድ የእንቁጣጣሽ የመልካም ምኞት ካርድ። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ለተመለሰች ሳጥን ይህም ትልቅ ነገር ነው።

አራቱ ቅሬታዎቼ እዚህ ላይ አለቁ። የሚቀረኝ የካቲት 13 ቀን ለጻፉልኝ ማስጠንቀቂያ መልስ መስጠት ነው።

መምህራችን መምህር ፈቀደ በቀን አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ ከየትም ይሁን ከየት፣ ገልብጠን እንድንመጣ ያዝዙን ነበር። እኔ ቤት መጽሐፍ የለም። በር ላይ ግን ከረጢት ሙሉ ጽሑፍ ነበረኝ። ደብተርም አልነበረኝም፤ ነገር ግን ሳጥኗ ጠዋት ጠዋት አንድ ጎኑ ባዶ የሆነ ንጹሕ ወረቀት በነጻ ትሰጠኛለች። ስለዚህ በአንድ ጎን "ከሸፈ" በሚለው ወረቀት በሌላኛው ጎን፣ በር ላይ ተቀምጬ፣ የመዝገቡን አንድ ገጽ ሳልቀንስ ሳልጨምር እገለብጥ ነበር፤ ስም፣ ስፋት፣ አዋሳኝ በአራቱ ማዕዘን። ማሽንዎ በከሸፈ ቁጥር እኔ አንድ ገጽ አደግኩ። ፈተና ላይ ስለነበርኩ የመጨረሻዎቹን አምስት ገጾች ሳልደርስባቸው ከረጢቱ ሄደ፤ አርባ አንዱ ግን አልቆ ነበር።

አሥራ ዘጠነኛውን ገጽ የገለበጥኩበትን ቀን አልረሳውም። ሦስተኛው መስመር ላይ "ጠጅቱ" የሚል ስም አገኘሁ፤ ከአባቷ የወረሰችው መሬት ነው፤ በምሥራቅ የውሃ መውረጃ፣ በምዕራብ ኦቦ ጃለታ፣ በሰሜን የባሕር ዛፍ ተርታ፣ በደቡብ መንገድ። ይህ ጽሑፍ ሲጻፍ ሁለታችንም እዚያው ቆመን አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረናል፤ ምን እንዳለ ግን አናውቅም ነበር፤ ያሉንን አመንን። ማታ ክፍል ውስጥ ወረቀቱን ሰጠኋትና ጮክ ብላ አነበበችው። "የባሕር ዛፍ ተርታ" የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ዛፎቹን የተከለችው ልጅ ሳለች ከአባቷ ጋር ነው። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችው። በዚያ ማታ አንደኛ እሷ ነበረች፤ ይህን የምጽፈው ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

የካቲት 1 ማስታወቂያዎ ሲወጣ ወደ ሀሰኖ ሱቅ ሄድኩ። ሀሰኖ ከረጢቱን አገላብጦ "ስኳር የጠቀለልኩበት ሄዷል፣ የቀረው ይኸውልህ" ብሎ ከጎደሉኝ አምስት ገጾች አራቱን ሰጠኝ። አምስተኛው ኦቦ ጃለታ ቤት ተገኘ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ነገር ግን ስኳር የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ማኅተም አይተው "መንግሥት የመታበት ወረቀት አይጣልም" ብለው አጣጥፈው ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ወትፈውት ነበር። ገጹ የጎረቤቶቻቸው እንጂ የእሳቸው አይደለም። ክቡርነትዎ ሆይ፣ ከመዝገብ ቤትዎ ይልቅ ያ ስንጥቅ ታማኝ መሆኑን ስገልጽ ልቤ እያዘነ ነው።

እንግዲህ አርባ ስድስቱም ገጽ ሲሟላ ደስ ብሎኝ ይዤልዎት መጣሁ። ወንበር እንኳ ባይጋብዙኝ "ጎበዝ" ይሉኛል ብዬ ነበር። በምትኩ በማግስቱ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ አንደኛው ጥፋቴ የመሥሪያ ቤቱን ወረቀት ጀርባ ለግል ጥቅም ማዋል፣ ሁለተኛው ያለ ፈቃድ መረጃ መገልበጥ ነው፤ ወረቀቶቹንም "ለደኅንነታቸው ሲባል" በአሥር ቀን ውስጥ አስረክቤ በመረጃ ክፍሉ እንዲቀመጡ ታዝዣለሁ። የመረጃ ክፍሉ ማለት ያው ሳጥኗ ያለችበት ክፍል ነው። ለአራት መቶ ስልሳ ቤተሰብ የቀረውን አንድ ግልባጭ ወስጄ፣ መጋቢት 1 ቀን "ባለቤት ያልተገኘለት" ሊል ብዕሩን ላዘጋጀ ሰው፣ ከዳንቴል ሥር እንዲያስቀምጠው እንድሰጥ ነው የተጠየቅኩት። እምነትዎ አኩርቶኛል፤ ነገር ግን ትእዛዙን እንዳለ ልፈጽመው አልቻልኩም።

ማስጠንቀቂያውን ክፍል ውስጥ አነበብኩት። መምህር ፈቀደም "የሳምንቱ የቤት ሥራ ታውቋል" አሉ። እሳቸው ሰበታ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው፤ ጽሑፋችንን በዓይናቸው ስለማያዩት፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ካላነበበላቸውና ሦስተኛው ከዋናው ጋር እያስተያየ "ልክ ነው" ካላለ፣ እርማት አይሰጡም። በዚህ አሠራር ሠላሳው ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ገጽ ገለበጡ። ሁሉም ተነበበ፣ ሁሉም ታየ፤ የተሳሳተ አሥራ አንድ ቦታ ተገኝቶ ታረመ፤ ከነዚህ አሥራ አንድ ስሕተቶች አራቱ የእኔ መሆናቸውን ጠጅቱ እንድጽፍ አስገድዳኛለች። ሄመን ስትሰማ "ኦቦ ቦጂያ፣ እኛ ትምህርት ቤት ባክአፕ መልሰህ ካላነበብከው ባክአፕ አይባልም ተብለን ነበር፤ እናንተ ሠራችሁት" ብላኛለች። አሁን እያንዳንዱ ገጽ ቢያንስ በሦስት ቤት አለ፤ አንዱ ፉሪ ካገባች ልጅ ዘንድ፣ ሌላው ሀሰኖ ሱቅ በሚዛኑ ሥር፣ ሌሎቹ የት እንደሆኑ እኔም አላውቅም፤ እንዳላውቅም ፈልጌያለሁ፤ ምክንያቱም ብጠየቅ መዋሸት አልወድም።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው የሚከተለውን ነው። እሁድ የካቲት 27 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የቀጣናው ሰው በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ይሰበሰባል። የግቢውን ፈቃድ አልጠየቅንም፤ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። አራት መቶ ስልሳው ይዞታ አንድ በአንድ ይነበባል፤ በአራቱም ማዕዘን ያለ ጎረቤት ተነስቶ "እውነት ነው" ወይም "እዚህ ጋ ተሳስቷል" ይላል። እርስዎም ማኅተምዎን ይዘው ተገኝተው ጎረቤት የመሰከረበትን ገጽ ሁሉ ያትሙበት፤ ሳጥኗ ወደ ፈረንጆቹ ዘመን እንድትመለስ ለሄመን አንድ ደብዳቤ ይጻፉላት፤ የየካቲት 1ን ማስታወቂያም በእጅዎ ከሰሌዳው ያንሱ። ይህን ሲያደርጉ እኔ ደግሞ አርባ አንዱን ወረቀት፣ ከነ "ከሸፈ" ጎናቸው፣ በሕዝብ ፊት በሞዴል 19 የንብረት መረከቢያ ደረሰኝ አስረክብዎታለሁ። ካልመጡም ንባቡ ይካሄዳል፤ የጎደለው ማኅተም ብቻ መሆኑ ይመዘገባል፤ ገጾቹም ከነምስክሮቹ ፊርማ ከእርስዎ በላይ ወዳለው ቢሮ ይሄዳሉ። ፊርማ ያልኩት አውራ ጣት እንዳይመስልዎ።

ወንበርዎ ሳይነቀንቅ፣ ማኅተምዎ ቀለም ሳይደርቅበት፣ የሚጽፉት ሁሉ በዘመኑ ይሁንልዎት እያልኩ፣ ከቢሮዎ አሥራ ሁለት እርምጃ ርቄ፣ ከቆምኩበት ሳልነቃነቅ፣ ሁልጊዜም በር የምከፍትልዎ፣

ቦጂያ ኦዳ
የበር ጥበቃ፣ የማታው ክፍል አንደኛ

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው
ለሀሰኖ ሱቅ በር
ለሚኒባስ መቆሚያው
ለወይዘሮ ራቢአ (ዳንቴሉ ታጥቦ እንዲመለስላቸው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ አርባ ስድስቱን ገጽ ሦስት ጊዜ ብናነብም፣ ባለፈው ክረምት በጨፌው ዳር በቆርቆሮ የታጠረውና የበሩ ቁልፍ በክቡርነትዎ ኪስ የሚገኘው ቦታ በአንዱም ገጽ ላይ አልተገኘም። ኮምፒውተር ላይ የሚጽፉት ሠራተኞች እንደሚሉት ያ ቦታ ተመዝግቦ የነበረው በኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው። ይህን ሳውቅ፣ ባክአፕ ከሁላችንም ይልቅ የሚያስፈልገው ለእርስዎ እንደነበር ተረድቼ በጣም አዝኛለሁ። በራስዎ ማስታወቂያ መሠረት እስከ መጋቢት 1 ማስረጃ እንዲያቀርቡ ጊዜው ሳያልፍ አስታውስዎታለሁ። ምስክር ከቸገረዎም አጥሩ ሲተከል አይቻለሁና እኔ ቀርቤ እመሰክርልዎታለሁ፤ ቆርቆሮውን ያመላለሰችው ፒካፕ የማን እንደሆነች ጭምር።